ከናይል ማዶ የጀመረ ታሪክ፦ ይድነቃቸው ተሰማ እና የወጣት ተጫዋቾች ነገ

በኦምዱርማን፣ አል-አርዳ በሚባለው አካባቢ፣ ሁለት ስታዲየሞች እንደ ሁለት ባላንጣ ጎረቤቶች ተቀራርበው ቆመዋል። አንደኛው የሰማያዊ ለባሾቹ የአል-ሂላል፣ ሌላኛው የቀይ ለባሾቹ የአል-መሪኽ ነው። ሁለቱ ክለቦች በሚገናኙበት ምሽት ከተማዋ ለሁለት ትከፈል ነበር። በዚያች ከተማ ለዓመታት የኖሩ፣ ሻይ እየሸጡ፣ ቤት እየጠበቁ ወይም በየጋራዡ እየሠሩ ያደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ሳያስቡት የአንዱ ወይም የሌላው ደጋፊ ሆነው ይገኛሉ። እ.አ.አ ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ግን ሁለቱም ክለቦች ከሜዳቸው ተሰደዱ። አገር አቋርጠው በሞሪታኒያ ሊግ እስከ መጫወት ደረሱ።

ከኦምዱርማን ድልድዩን ተሻግሮ ካርቱም ሲገባ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ የተወለደበት ስፍራ ይገኛል። በ1957 የካቲት ወር በዚያች ከተማ ከተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች መካከል አንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ገና ጫማቸውን ያልሰቀሉ ተጫዋች ናቸው፤ አሠልጣኝም ናቸው፤ የፌዴሬሽን ሹምም ናቸው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ። የዛሬው ጽሑፍ የእርሳቸውን ሕይወት ይተርካል። በተለይ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመላለስባቸው የኖረውን አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ አንድ ወጣት ተጫዋች ነገ ምን ይሆናል? የት ሆኖስ ነው የሚሆነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአዝማሪው ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያኑ መስከረም 11 ቀን 1921 መሆኑ ነው። የአዲስ ዓመት ልጅ ናቸው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የአማርኛ ግጥምና የማሲንቆ ጌታ፣ የቤተ መንግሥት ሰው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ድረስ ተሻግረው የኢትዮጵያን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጹ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ስለነበሩ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ እርሳቸውንም መከራው አልማራቸውም።

በዚያ ዘመን የነበረ ማንኛውም ብልህ ሰው የነጋድራስ ተሰማን ልጅ ነገ ገምት ቢባል እግር ኳስን አያነሣም ነበር። ቅኔ፣ ሹመት፣ ንግድ፣ ቢበዛ የውጭ ትምህርት ይል ይሆናል። እግር ኳስ ያኔ በአዲስ አበባ የግሪኮች፣ የአርመኖች፣ የጣሊያኖችና የሌሎች የውጭ ዜጎች ጨዋታ ነበር። አበሻው ልጅ ከዳር ቆሞ ያያል፤ ሲመሽ በጨርቅ ኳስ የሰፈሩን አቧራ ያነሣል። የሰው ልጅ ነገ ምን ያህል ለግምት አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያሳየው የመጀመሪያው ማስረጃ እንግዲህ የይድነቃቸው የራሳቸው ሕይወት ነው።

በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ኳሱ ያዛቸው። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገሪቱን መውረር በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ከአራዳ ልጆች ጋር ሆነው ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ይድነቃቸው ያኔ አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ልጅ ነበሩ። ክለቡን ገና በጥንስሱ ተቀላቀሉና ለሃያ ሦስት ዓመታት ማሊያውን አላወለቁም።

ወረራው ሲመጣ እግር ኳሱም ተወረረ። ጣሊያኖች የአገሬውንና የነጮቹን ቡድን ለያይተው አጫወቱ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም የራሱን ስም ተነጥቆ ባዕድ ስም እንዲሸከም ተደረገ። ይድነቃቸው የጉርምስና ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። የቆዳ ቀለም ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ሲወስን በአካል አይተዋል። ይህንን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ ለምን እንደዚያ እንደቆሙ የሚያስረዳው ይህ ነው።

ዓይን

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ይድነቃቸው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆነው ከአቋቋሚዎቹ አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት አምስት ቡድኖች የተሳተፉበት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። ጊዮርጊስ፣ የግሪኮች፣ የእንግሊዞች፣ የጣሊያኖችና የአርመኖች ቡድኖች ተጋጠሙ። ዋንጫውን ያነሡት እንግሊዞች ናቸው። ዛሬ ሲታይ ትንሽ ውድድር ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በተከለለ ሜዳ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ከውጭዎቹ ማኅበረሰቦች ጋር በአንድ ውድድር ሲጋጠሙ ማየት ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይድነቃቸው በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ ይሠሩ ነበር። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ቢሮ ይዘው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማሊያ ለብሰው ሜዳ ገቡ። ለጊዮርጊስ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በአንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ሥራ መከመሩ ለድርጅት ጤናማ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም። በዘመኑ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። የነበረው ሰው ደግሞ ሥራውን ወዶ ይዞታል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሥራ ግን በወረቀት ላይ የማይገኘው ነው፦ ተጫዋች ማየት።

በአሜሪካ የቤዝቦል ክለቦች ይህን ሥራ ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡ ባለሙያዎች አሏቸው። በታችኛው ሊግ የሚጫወት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኳስ ወርዋሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በትልቁ ሊግ ጨዋታ የሚጀምር ይሆናል ወይስ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ የሚገባ፣ የክንዱን ፍጥነት፣ የሰውነቱን አቋም፣ የውርወራውን ዓይነት እያስተያዩ ይገምታሉ። እንደዚያም ሆኖ ይሳሳታሉ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ትልቁን ሊግ ሳያዩ ይቀራሉ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ መለኪያው የአሠልጣኙ ዓይን ነበር። ተስፋ ቡድን የሚለው ስም ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል፤ ልጁ ገና ተጫዋች አልተባለም፣ ተስፋ ነው የተባለው። ተስፋው አጥቂ ይሆናል ወይስ ተከላካይ፣ ጉልበቱ ይጠናል ወይስ ይሰበራል፣ ከስታዲየም ጩኸት ፊት ይቆማል ወይስ ይደነግጣል፣ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ጎንደር የተወለደው መንግሥቱ ወርቁ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይድነቃቸው የተጫዋችነት ዘመናቸውን በሚያጠናቅቁበት ጊዜ መንግሥቱ በጊዮርጊስ ማሊያ የሚያበራ ጎረምሳ ነበር። በ1959 ካይሮ ላይ በተካሄደው ሁለተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ቡድኑን በትኖ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። አገሩ ግን በወጣቶቹ ላይ ያለውን እምነት አላነሣም። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ እምነት ምን ፍሬ እንዳፈራ ሁሉም አየ።

ካርቱም፣ 1957

ሐሳቡ የተነሣው በ1956 የፊፋ ጉባኤ ሊዝበን ላይ ሲሰበሰብ ነው። የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ልዑካን አፍሪካ የራሷ ማኅበር ሊኖራት ይገባል ብለው ተነጋገሩ። በየካቲት 1957 ኢትዮጵያ ተጨምራ አራት አገሮች ካርቱም ላይ ተገናኙና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ካፍ የምንለውን፣ መሠረቱ።

ለኢትዮጵያውያን ያ ስፍራ ሌላም ትዝታ ነበረው። ከዚያ ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመት በፊት መተማ ላይ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ ራስ የተወሰደው ወደ ኦምዱርማን ነበር። የመሐዲስቶቹና የኢትዮጵያውያን ጦርነት ገና በአያቶች አፍ ይተረክ በነበረበት ዘመን፣ የሁለቱ አገሮች ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የእግር ኳስ መተዳደሪያ ደንብ ይጽፉ ነበር። ከሱዳን ወገን ከተቀመጡት አንዱ ዶክተር አብደል ሐሊም ሞሐመድ ናቸው። የኦምዱርማን ልጅ፣ ሐኪም፣ የሥነ ጽሑፍ ሰው። የእርሳቸውና የይድነቃቸው መንገድ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ሳይለያይ ይቀጥላል።

ፈተናው ወዲያው መጣ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ሳምንት ካርቱም ላይ ሊካሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። አራቱ መሥራቾች አራት ቡድን ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። ደቡብ አፍሪካ ግን በአፓርታይድ ሕጓ መሠረት ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ የያዘ ቡድን እልካለሁ አለች። ሁለቱን አቀላቅሎ ማምጣት አይቻልም ነበር።

የተቀሩት ሦስቱ አገሮች ሊቀበሉት ይችሉ ነበር። ድርጅቱ ገና የቀናት ዕድሜ ነበረው፤ ውድድሩ አራት ቡድን ብቻ ነበረው፤ አንዱ ሲጎድል ግማሽ ፍጻሜው ራሱ ይፈርሳል። ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ይምጣ ቢባል እንኳ በአፍሪካ ምድር ለአፍሪካውያን ደስ የሚያሰኝ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። ይድነቃቸው ከሱዳንና ከግብፅ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን አልተቀበሉም። የሚያመጡት ቡድን ጥቁር ይሁን ነጭ አልነበረም ጉዳዩ፤ ማን ከማን ጋር መጫወት እንደሚችል የሚወስነው ቀለም መሆኑ ነበር። ይህን ደግሞ ይድነቃቸው በልጅነታቸው አዲስ አበባ ላይ ያውቁታል።

ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ከእርሷ ጋር ልትጫወት ስለነበር አንድም ኳስ ሳትነካ ወደ ፍጻሜው አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር። በሜዳ ላይ ሲታይ ለኢትዮጵያ ክፉ ቀን ነው። በአዳራሹ የተወሰነው ግን ከውጤቱ ይልቅ ዕድሜ ነበረው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አንዴ ሲያግድ አንዴ ሲመልስ ቆይቶ በመጨረሻ ያባረራት በ1976 ነው፤ ካርቱም ከወሰነች ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።

የመርሕ ዋጋ ግን ሁልጊዜ በአዛውንቶች ትከሻ ላይ አያርፍም። በዚያው በ1976 ክረምት፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ የተጫወተችውን ኒውዚላንድን በመቃወም በርካታ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲወጡ ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር በብቃቱ ከፍታ ላይ ሳለ ሳይሮጥ ተመለሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ማግኘቱ እውነት ነው። በዚያ ክረምት ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሌሎች ብዙ ወጣቶች ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኙም። ውሳኔው ትክክል ነበር ብሎ የሚያምን ሰውም ይህንን ሒሳብ ከመዝገቡ ሊሰርዘው አይገባም።

የጥር ከሰዓት

በጥር 1962 ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ገባ። የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ ላይ የተወለደ፣ በእግሩም በአእምሮውም ፈጣን አማካይ። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ አጥቂ ነው። ከአሥመራ፣ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ልጆች ናቸው። ካይሮ ላይ ከተሸነፉት መካከል መንግሥቱ ወርቁ አለ፤ አሁን የሃያ አንድ ዓመት ጎልማሳ።

በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው የመጣችው ግብፅ ናት፣ ያቺው ካርቱም ላይ አራት ያገባችው፣ ካይሮ ላይ አራት የደገመችው። ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩና 4 ለ 2 ሆነ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡ። መንግሥቱ በሦስት ግቦች ከግብፁ በደዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆኖ ጨረሰ።

ይህች ጥር ለኢትዮጵያ እግር ኳስ እስከ ዛሬ ድረስ ብቸኛዋ ናት። ብዙ ጊዜ የምትወሳው እንደ ተአምር ነው፤ ግን ተአምር አልነበረችም። ተሸንፎ የመጣን ወጣት ቡድን ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ውጤት ነበረች።

ለበሩ ዘብ የቆሙት

ከዚያ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ ሰፋ። በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ ገቡ፤ በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1972 የካፍን ፕሬዚዳንትነት ከዶክተር አብደል ሐሊም ሞሐመድ ተረከቡ። አንድ የኦምዱርማን ልጅ ለአንድ የጅማ ልጅ አስረከበ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ትልቁ ትግል የዓለም ዋንጫ ቦታ ነበር። ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በአንድ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ መደበ። አህጉሩን ያሸነፈ ቡድን እንኳ ገና የሌላ አህጉር አሸናፊን መግጠም ነበረበት። የክዋሜ ንክሩማህ ጋና ተቃውሞውን መራች፤ ይድነቃቸውም ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ። አሥራ አምስት የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ለ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ። በ1986 ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ስታጠናቅቅ ይድነቃቸው በሕይወት ነበሩ።

ቦታ መጠየቅ ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ ጥያቄ ያንን ቦታ የሚሞሉት ወጣቶች የት ያድጉ የሚለው ነው።

ከ1965 ጀምሮ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከውጭ አገር ክለቦች ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። ይድነቃቸው ለዚህ ሕግ ዘብ ከቆሙት አንዱ ናቸው። እርሳቸው እንደሚያዩት አፍሪካ ቡናዋን፣ ኮኮዋዋንና ማዕድኗን በጥሬው እንደምትልክ ሁሉ ልጆቿንም በጥሬው ልትልክ አይገባም ነበር። እዚህ የተገኘ ተሰጥኦ እዚህ ይብሰል፤ የአገር ውስጥ ሊግ ይጠንክር፤ ሕዝቡም ኮከቦቹን በየሳምንቱ በሜዳው ይያቸው የሚል እምነት ነበራቸው። በእግር ኳስ ላይ የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ መለጠፉንም የሚቃወሙት ከዚሁ ሐሳብ ተነሥተው ነው።

ይህ አቋም በማን ላይ እንዳረፈ ለማየት ሎራን ፖኩን ማስታወስ ይበቃል። የኮትዲቯሩ አጥቂ በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር፤ በስድስት ግቦች ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆኖ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ሲገናኝ አገሩ 6 ለ 1 አሸነፈች፤ ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ራሱ ፖኩ ነው። በውድድሩ ስምንት ግብ አስቆጠረ። በሁለት ዋንጫዎች ያስቆጠራቸውን አሥራ አራት ግቦች ሳሙኤል ኤቶ እስኪያልፈው ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆዩ።

ፖኩ እነዚህን ሁሉ ግቦች ሲያስቆጥር ለአቢጃኑ አሴክ ይጫወት ነበር። ለይድነቃቸው ክርክር ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም፤ አህጉሩ ያየው ታላቅ ግብ አስቆጣሪ የበሰለው በአህጉሩ ላይ ነው። ግን ይኸው ፖኩ በ1973 መጨረሻ ወደ ፈረንሳዩ ሬን ሄደ። ማን ሊፈርድበት ይችላል? የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። ጉልበት አንዴ ከተጎዳ በኋላ የአህጉር ክብር የቤት ኪራይ አይከፍልም። የአቢጃን፣ የባማኮ ወይም የአዲስ አበባ ክለብ ሊከፍለው የማይችለውን ሌላው ሲከፍለው ወጣቱ ይሄዳል። ሕጉ ደግሞ የሄደውን ልጅ ከአገሩ ማሊያ ያርቀዋል እንጂ አይመልሰውም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያየው ይድነቃቸው በሽታውን በትክክል ለይተው አውቀዋል፤ መድኃኒቱ ግን በሽታውን ሊያድን የሚችል አልነበረም። በር ዘግቶ ወጣትን ማቆየት የሚቻለው በቤት ውስጥ የሚበላ ካለ ነው። ክለቦቹ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ጀርባ ታዝለው፣ ሜዳዎቹ ሣር አጥተው፣ ተስፋ ቡድኖቹ ያለ አሠልጣኝ እየቀሩ ሕግ ብቻውን ምን ያደርጋል? የሁለቱ ተጫዋቾች ገደብ በ1982 ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ የሚኖሩት በአውሮፓ ነው፤ ለልጅነታቸው ከተማ እንግዳ ናቸው። ይድነቃቸው የፈሩት ነገር አንድ በአንድ ደርሷል። በዚያው ልክ ግን እርሳቸው ያልገመቱትም ሆኗል፤ የሄዱት ልጆች የአፍሪካን ስም እርሳቸው በጉባኤ ሊያደርሱት ከሚችሉት በላይ አድርሰውታል።

ለወጣቶች ያደረጉት ግን በር በመዝጋት ብቻ አልተወሰነም። ፊፋ የመጀመሪያውን የወጣቶች ዓለም ሻምፒዮና በ1977 ያካሄደው በእርሳቸው ፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ ቱኒዚያ ላይ፣ ማለትም በአፍሪካ ምድር ነው። በ1979 የአህጉሩ የወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ። በ1985 ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆኑት የናይጄሪያ ልጆች ቻይና ላይ ዓለምን አሸነፉ። ተስፋ የሚባለው ነገር መለኪያ ሜዳ አገኘ።

የመጨረሻው ዓመት

ይድነቃቸው በካንሰር ታመው ነሐሴ 19 ቀን 1987 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ስልሳ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው የቀሩት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ከዐፄው ዘመን እስከ ደርግ፣ አገር ሲገለባበጥ፣ ባልደረቦቻቸው ሲታሰሩና ሲሰደዱ፣ እርሳቸው ለአሥራ አምስት ዓመት የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ቆይተዋል።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን በጊዜያዊነት የተቀመጡበት ዶክተር አብደል ሐሊም ሞሐመድ ናቸው። በ1972 ያስረከቡትን ያው የኦምዱርማን ሐኪም በሰባ ሰባት ዓመታቸው መልሰው ተረከቡ። በቀጣዩ ዓመት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ እስኪመረጡ ድረስ የመሥራቾቹን ቤት የጠበቁት ከመሥራቾቹ የቀሩት ሽማግሌ ነበሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ይድነቃቸው ካረፉ ሦስት ወር እንዳለፈ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ የፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ኦምዱርማን ላይ ተደረገ። አል-ሂላል የካይሮውን አል-አህሊ በሜዳው አስተናግዶ ያለ ግብ ተለያየ። በመልሱ ካይሮ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ከናይል ማዶ ሦስት አገሮች ብቻቸውን ዋንጫ የጀመሩበት ከተማ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአህጉሩን የክለቦች ፍጻሜ አስተናገደ። ሰውየው ግን አላዩትም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ1982 በኋላ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀ። የመመለሻው ደጃፍም እንደገና ሱዳን ሆነች። በመስከረም 2012 ሱዳን በሜዳዋ ኢትዮጵያን 5 ለ 3 አሸነፈች። በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ ዋልያዎቹ 2 ለ 0 አሸንፈው፣ ከሜዳ ውጭ ባስቆጠሯቸው ሦስት ግቦች ብልጫ አለፉ። ሁለቱን ግቦች ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ናቸው። አዳነ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፣ የይድነቃቸው ክለብ። ሳላዲን ደግሞ በግብፅ ክለብ የሚጫወት፣ በቀድሞው ሕግ ቢሆን ከሁለቱ ከተፈቀዱት አንዱ ሊሆን የሚገባው ነበር። በጥር 2013 ሁለቱም ከቡድኑ ጋር ለውድድሩ ተጓዙ። አስተናጋጇ አገር ደቡብ አፍሪካ ነበረች።